የእድር መዝገብ ቦት፣ ከነጥርጣሬው ፋይል

መስከረም 22

ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ልጀምር ነው። አንዱ የሰፈራችንን እድር የመዋጮ መዝገብ ከደብተር አውጥቶ በቴሌግራም ቦት (ለመልእክት ራሱ መልስ በሚሰጥ ፕሮግራም) የሚታይ ማድረግ። ሌላው ይህንኑ ይዤ ለመጀመሪያ የፕሮግራመርነት ሥራ ማመልከት። የመጀመሪያው አያስፈራኝም። ሁለተኛውን ነው ክረምቱን ሙሉ "ሪአክትን ልጨርስና"፣ "ዳታ ስትራክቸር ልከልስና"፣ "እንግሊዝኛዬን ላስተካክልና" እያልኩ የገፋሁት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ተረቱን መደበቂያ አድርጌዋለሁ። መማር ማለቂያ ስለሌለው የመጠምጠሚያው ቀንም አይመጣም።

ስለዚህ ዛሬ ሪፖውን (የኮዱን ማስቀመጫ) ስከፍት ሁለት የጽሑፍ ፋይል አብሬ ፈጠርኩ። አንዱ "ባግ" (የፕሮግራም ስህተት)፣ አንዱ "ጥርጣሬ"። የሚተዳደሩት በአንድ ደንብ ነው። ሰው መጥቶ "ፕሮግራምሽ አይሠራም" ብቻ ቢለኝ ምንም ላደርግለት አልችልም። ምን ተጫንክ? ምን ጠበቅህ? ምን መጣልህ? ብዬ መጠየቅ አለብኝ። "እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም" የሚለው የራሴ ድምፅም ከዚያ ሰውዬ የተሻለ ነገር አልነገረኝም። የቱ ላይ? ምን ስሞክር? ምን ሲሆን ነው ተፈታ የምለው? መልስ ያለው ጥርጣሬ ወደ ሥራ ዝርዝር ይገባል። መልስ የሌለው ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ ማመልከቻ ግን አያስቆምም።

ዛሬ የገቡት፦ ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም (ዲግሪዬ አካውንቲንግ ነው)። ከዩቲዩብ እያየሁ ነው የምገለብጠው። ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) መጻፍ አላውቅም። ቃለ መጠይቅ ላይ እዋረዳለሁ። ከእኔ የሚሻሉ ብዙ ናቸው።

መስከረም 24

ከሥራ ስወጣ (የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ) የእድሩ ጸሐፊ ቤት ጎራ አልኩ። መዝገቡ ትልቅ ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር ነው፤ ለየአባሉ አንድ ገጽ፣ በየወሩ አንድ መስመር፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ፊርማ። ጋሼ ከማንም በላይ ያውቁታል።

"አንድ ሰው ስንት ወር እንዳልከፈለ እንዴት ነው የሚያውቁት?" አልኳቸው።

"እቆጥራለሁ ነዋ። ከመጨረሻው ደረሰኝ ጀምሬ።"

"ቅጣቱስ?"

"ወሩ ካለቀ 10 ብር። ደግሞ አንቺ ልጅ፣ ጳጉሜን ወር ብለሽ እንዳትቆጥሪብኝ።"

እዚህ ጋ ቆምኩ። ጳጉሜ መዋጮ የላትም፤ እሺ። ግን የነሐሴን መዋጮ ጳጉሜ 3 ላይ ይዞ የመጣ ሰው ይቀጣል? ጋሼ ትንሽ አሰቡና "አይቀጣም። ነሐሴ ማለት ለእኛ እስከ ዓመቱ ማለቂያ ነው" አሉኝ። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ ይህ ግን እዚያ ላይ የለም። ጋሼ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ድረስ እንዲህ ያሉ ነገሮችን ስለቅም ቆየሁ፦ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ 40 ቀን እስኪወጣ ቅጣት አይቆጠርበትም፤ ሦስት ወር የዘለለ በጥሩንባ ነፊው ማስጠንቀቂያ ይላክበታል፤ ዓመቱን አስቀድሞ የከፈለ አለ፤ ግማሽ ከፍሎ "ቀሪውን ደመወዝ ስቀበል" ያለም አለ።

ወደ ቤት ስመለስ "ጥርጣሬ" ፋይል ላይ ከመጀመሪያው መስመር ጎን አንድ ነገር ጻፍኩ። አካውንቲንግ መማሬ እዚህ ቦታ ላይ ጉዳት አይደለም። ውዝፍ፣ ቅድመ ክፍያ፣ ከፊል ክፍያ የሚሉትን ለእኔ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

መስከረም 28

የፓይተን ቋንቋ፣ ኤስኪውላይት የሚባል ዳታቤዝ፣ የቴሌግራም ቦት። ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ኤስኪውላይት ዳታቤዙን በአንድ ፋይል ስለሚይዝ መጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ ማለት ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ማለት ነው፤ እድሩ ይህን ይረዳል።

ገንዘብን በብር ከነነጥቡ ሳይሆን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጫለሁ። ምክንያቱን ፓይተን ከፍቶ ማየት ይቻላል፤ 0.1 ሲደመር 0.2 ስጠው፣ 0.30000000000000004 ይልሃል። ኮምፒውተሩ በሁለት ቤት ስለሚቆጥር አንድ አስረኛን በትክክል መያዝ አይችልም፤ እኛ አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ጽፈን መጨረስ እንደማንችለው። ዛሬ የእድሩ ሂሳብ ላይ ምንም ላይመጣ ይችላል። ግን ዓመቱ መጨረሻ ላይ አንድ ሳንቲም የጎደለበትን ሂሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያስረዳው ማን ነው? ገንዘብ ያዧ እትዬ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ አውቃቸዋለሁ።

ጥቅምት 2

የቀን መቁጠሪያው። የፓይተን የቀን ቤተ መጻሕፍት (ከቋንቋው ጋር የሚመጣ ዝግጁ ኮድ) የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። የተዘጋጀ ጥቅል አውርዶ መጠቀም ይቻላል፤ ግን "ከዩቲዩብ ነው የምገለብጠው" የሚለው ጥርጣሬ የሚፈተንበት ጥሩ ቦታ ይህ ስለሆነ ሆን ብዬ ራሴ ጻፍኩት። ያወጣሁት መመዘኛ እንዲህ ነው፦ ቀመሩን ካየሁ በኋላ ዘግቼ፣ ኮዱን አጥፍቼ፣ በማግስቱ ከባዶ ልጽፈውና እያንዳንዱን ቁጥር ለምን እዚያ እንደገባ ለእህቴ ልነግራት ከቻልኩ መገልበጥ አይባልም።

ቀመሩ እያንዳንዱን ቀን ወደ አንድ ተከታታይ ቁጥር ይቀይራል፦ 1724221፣ ሲደመር 365 ጊዜ (ዓመት ሲቀነስ 1)፣ ሲደመር ዓመት ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ድርሻው፣ ሲደመር 30 ጊዜ (ወር ሲቀነስ 1)፣ ሲደመር ቀን ሲቀነስ 1። የመጀመሪያው ትልቅ ቁጥር መስከረም 1 ቀን 1 ዓመተ ምሕረት የዋለበት የዩልዮስ የቀን ቁጥር ነው። ወሩ በ30 መባዛቱ የእኛ አቆጣጠር ለፕሮግራመር የሰጠው ስጦታ ነው፤ ፈረንጆቹ ጋ 28፣ 30፣ 31 እያሉ ሠንጠረዥ መያዝ አለ። ያስቸገረኝ ለ4 መካፈሉ ነበር። ለምን "ዓመት" ራሱ ይካፈላል፣ ለምን "ዓመት ሲቀነስ 1" አይሆንም? ወረቀት ላይ ስጽፈው ገባኝ። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ11ኛው ዓመት፣ ያውም መጨረሻ ላይ። 4ኛው ዓመት መስከረም 1 ሲብት ተጨማሪዋ ቀን ተቆጥራ አልቃለች፤ 4 ለ4 ደግሞ 1 ነው። ልክ ይመጣል።

ቴስቱን ከየት ላምጣ ስል መልሱ ቤት ውስጥ ነበር። ልደት ከሌላው ዓመት ተለይቶ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ሕፃን ሆኜ ጀምሮ እናቴ በየአራት ዓመቱ የምታስታውሰን ነገር ነው። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ስለዚህ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 መስጠት አለበት፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ደግሞ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 መቀበል፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 "እንዲህ ያለ ቀን የለም" ብሎ መመለስ። ሁሉም አለፉ።

"ቴስት መጻፍ አላውቅም" የሚለውን ከፋይሉ ሰረዝኩት። ይህ ጥርጣሬ እውነት ነበር፤ በመስከረም አላውቅም ነበር። እውነተኛ የሆኑት ጥርጣሬዎች ከሁሉም የሚቀሉ ሆነው ያገኘኋቸው ለዚህ ነው፤ ተቀምጠህ ትማራቸዋለህ፣ ያልቃሉ።

ጥቅምት 7

ስም መፈለጊያው። ጋሼ መዝገቡ ላይ "ኃይሉ" ብለው ጽፈዋል፤ ሰውየው ስልኩ ላይ "ሀይሉ" ብሎ ይጽፋል፤ ልጁ "ሃይሉ" ይላል። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ሠናይትና ሰናይት እንዲሁ።

ፊደሎቻችን በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ላይ የተደረደሩት በስምንት በስምንት ነው። ሀ 4608 ነው፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። ሐ 4624 ላይ፣ ኀ 4736 ላይ ይጀምራል፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል። ስለዚህ ከሐ ቤት 16፣ ከኀ ቤት 128 ስቀንስ ሁሉም ወደ ሀ ቤት ይገባሉ፣ ካዕቡም ሣልሱም እንደያዘ። ፀ ከጸ የሚርቀው በ8 ብቻ ነው። ዐ ከአ በ48። ከዚያ በኋላ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማምጣት። በአጠቃላይ ከሃያ መስመር ያነሰ ኮድ ሆነ። ልብ ልትሉ የሚገባው፣ የማስተካክለው መፈለጊያውን ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ የሰውየው ስም እሱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል። "ኃይለ ማርያም" የሚለውን አንስቶ በ"ሀ" የሚጽፍለት ፕሮግራም ጋሼ ፊት ይዞ መቅረብ አይታሰብም።

ይህን ሠርቼ ስጨርስ ሌሊት ነበር፤ መብራትም ሄዷል፤ ላፕቶፔ ባትሪው ስላረጀ ኮሚት አድርጌ (ለውጡን መዝግቤ) ወዲያው ዘጋሁ። ቦቱ ለጊዜው ከዚሁ ላፕቶፕ ነው የሚሠራው። መብራት ሲሄድ የመጣ መልእክት ግን አይጠፋም፤ ቴሌግራም ቦቱ እስኪያነሳው ድረስ እስከ 24 ሰዓት ያቆይለታል።

ጥቅምት 9

ማስታወቂያ ማንበብ። ዛሬ ያየሁት ይህን ይመስላል፦ የሥራ መደብ ጀማሪ የሶፍትዌር ባለሙያ፤ ትምህርት በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተዛማጅ ዲግሪ፤ ልምድ ቢያንስ 2 ዓመት፤ ፓይተን ወይም ኖድ፣ ኤስኪውኤል፣ ጊት፣ ዶከር፣ የክላውድ ዕውቀት ቢኖር ይመረጣል፤ ብዛት 1፤ ደመወዝ በስምምነት። "ጀማሪ" ብሎ "2 ዓመት" የሚል ማስታወቂያ ማየት ለምደነዋል።

እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ሳነብ ዓይኔ ቀጥታ የሌለኝ ነገር ላይ ያርፍና እዘጋው ነበር። ዛሬ በመስመር በመስመር ሄድኩበት። ፓይተን፣ አለ። ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ)፣ አለ፤ የውዝፍ ሪፖርቱ ሁለት ሠንጠረዥ አያይዞ ነው የሚሠራው። ጊት (የኮድ ለውጦች መመዝገቢያ)፣ አለ። ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የትም እንዲሠራ የሚያደርግ መሣሪያ)፣ የለም። ክላውድ፣ "ቢኖር ይመረጣል" ማለት ባይኖርም ይታያል ማለት ነው። ዲግሪ፣ "ተዛማጅ" የምትለዋን ቃል የሚተረጉመው ቀጣሪው ነው። ሁለት ዓመት፣ የለም። አልዋሽም፤ ሲቪ ላይ የሌለ ዓመት የሚጨምሩ አሉ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይያዛሉ። ግን ያ መስመር ምን ፈልጎ ነው የተጻፈው ብዬ ስጠይቅ፣ ሌላ ሰው የሚጠቀምበትን ነገር ሠርቶ፣ ሲበላሽ አስተካክሎ የሚያውቅ ሰው መፈለጉ ይመስለኛል። እሱን ማሳየት እችላለሁ።

ይህን ሳደርግ የገረመኝ፣ ማጣራት የእነሱ ሥራ መሆኑ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው የሰው ኃይል ክፍል አላቸው። ክረምቱን ሙሉ ያንን ሥራ በነፃ ስሠራላቸው ነበር፤ ሲቪዬን ሳያዩት እኔው እጥለዋለሁ።

ጥቅምት 11

የማመልከቻ ደብዳቤ። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

"ምንም እንኳ በዘርፉ መደበኛ ትምህርት ባይኖረኝም፣ ልምዴም አነስተኛ ቢሆንም፣ ዕድሉ ቢሰጠኝ በፍጥነት ለመማር ዝግጁ መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ።"

እህቴ አንብባ "ይቅርታ እየጠየቅሽ ነው ወይስ ሥራ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማን እንደሆንኩ የሚናገር አንድም ነገር የለም፤ ያልሆንኩትን ብቻ ዘርዝሬያለሁ። ደግሞ "ለመማር ዝግጁ ነኝ" የማይል ሰው አለ? ሁሉም ይላል፣ ስለዚህ ማንንም ከማንም አይለይም።

ሁለተኛው፦

"ለሰፈራችን እድር የመዋጮ መዝገብ የሚይዝ የቴሌግራም ቦት ሠርቻለሁ። በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ውዝፍና ቅጣት ያሰላል፤ ስም በተለያየ ፊደል ቢጻፍም ያገኛል። ኮዱና ቴስቶቹ ጊትሃብ ላይ አሉ። የቀን መቀየሪያውን እንድትመለከቱት እጋብዛለሁ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ የክፍያ ሶፍትዌር ስለምትሠሩ ይህ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።"

ትሕትና ጥሩ ነው፤ ያደግንበት ነው። ሽማግሌ ፊት "አውቃለሁ" አይባልም። ማመልከቻ ላይ ግን አንባቢው ፊትሽን አያይም፤ የጻፍሽውን እንዳለ ነው የሚወስደው። "አነስተኛ" ካልሽው "አነስተኛ" ብሎ ይመዘግባል። ሁለተኛው ደብዳቤ ውስጥ አንድም ጉራ የለም፤ ያለው ሁሉ ተከፍቶ የሚታይ ነገር ነው።

ጥቅምት 13

ተላከ። ሌሎችም ጋ ላክሁ። ሆዴ ተገለባበጠ፤ ይገለባበጥ።

ማታ ስለዚህ ስሜት ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። በ1978 ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በትምህርትና በሥራ የተሳካላቸው ሴቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እነዚህ ሴቶች ማስረጃው እያለ "ሰው አታለልኩ እንጂ አቅሙ የለኝም" ብለው እንደሚያስቡ ጻፉ። አሁን ኢምፖስተር ሲንድሮም የሚባለው መነሻው እሱ ነው፤ እነሱ ግን "ሲንድሮም" አላሉትም፣ በሽታ ብለው አልፈረጁትም። ፕሮግራመሮች ዘንድ ይህ ስም በየቦታው ይነሳል። ለእኔ ግን ልክ አልመጣልኝም። እነዚያ ሴቶች ዶክትሬት የያዙ፣ በሙያቸው የተከበሩ ወይም በትምህርታቸው ብልጫ የታወቁ ተማሪዎች ነበሩ። እኔ ገና ምንም አልያዝኩም። የእኔ ጥርጣሬ ከፊሉ ትክክል ነው፤ ዶከር አላውቅም ካልኩ አላውቅም። "ይህ ስሜት ብቻ ነው፣ አትስሚው" የሚል ምክር ለእኔ ግማሽ ምክር ነው። የቱ ስሜት እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ያልተማርኩት ትምህርት እንደሆነ መለየት አለብኝ። ፋይሉ የሚሠራልኝ ይህንን ነው።

ጥቅምት 20

ከማመልከቻዎቹ ወሬ የለም። ቦቱ ግን እሁድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ቀረበ።

ጋሼ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው አንድ ስም ጻፉ። ሁለት ሰው መጣ። ስማቸው ከነአባታቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ውዝፍ አለበት፣ አንደኛው የለበትም። የሌለበት ሰው "እኔ ነኝ እንዴ ያልከፈልኩት?" ብሎ ተነሳ። ሳቅና ጫጫታ ሆነ። ጋሼ በደብተራቸው እንዴት እንደሚለዩአቸው ጠየቅሁ፤ "አንዱ የላይኛው፣ አንዱ የታችኛው" አሉ። ቤታቸው ማለታቸው ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ የአያት ስምና የቤት ቁጥር አስገባሁ፤ ስም ሲመሳሰል ቦቱ ሁለቱንም አሳይቶ "የትኛው?" ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁ። እትዬ ገንዘብ ያዧ ከጀርባዬ ቆመው ሲያዩ ነበር። "ቅጣቱን ራሱ ነው የሚያሰላው? እንግዲህ እኔን አይሳደቡም" አሉ። ፕሮጀክቱ ምን ጥቅም እንዳለው እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ይህ ይበልጣል። ሲቪ ላይ ግን እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም።

"ከእኔ የሚሻሉ ብዙ ናቸው" የሚለውን ዛሬ ላይ ደርሼ መረመርኩት። የት ነው የሚታየው? የትም። ምን ቢሆን ነው የሚፈታ? ምንም። የሚሻሉ አሉ፤ ሁልጊዜም ይኖራሉ። ግን እነሱ የላይኛውንና የታችኛውን አይለዩም። ተከፍቶ ይቀመጥ።

ጥቅምት 24

ስልክ ተደወለ። ቦሌ አካባቢ ያለ ትንሽ ድርጅት። ከነገ ወዲያ ኑ አሉኝ። ከሱቁ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ።

ጥቅምት 26

ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ የሰው ኃይል፣ አንደኛው ፕሮግራመር። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው፤ "አንቱ" ልበለው "አንተ" ስል እሱ ቀድሞ "አንቺ" አለኝና ቀለለኝ።

ነጭ ሰሌዳ ላይ የሰጠኝ ጥያቄ፣ ከስልክ ቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ የተደገሙትን ማውጣት ነበር። መጀመሪያ እያንዳንዱን ከሁሉም ጋር የሚያወዳድረውን ጻፍኩ። "10,000 ቁጥር ቢሆንስ?" አለ። ወደ 50 ሚሊዮን ንጽጽር እንደሚሆን አሰላሁና አንዴ ብቻ እየሄዱ ያዩትን "ሴት" (set፣ የተደገመ የማይይዝ ስብስብ) ውስጥ የሚያስቀምጡበትን መንገድ ጻፍኩ። ከዚያ ሳላስበው ጥያቄ አመለጠኝ፦ "አንድ ሰው በ09 ሌላ ጊዜ ደግሞ በ+251 9 ተመዝግቦ ከሆነ እንደ አንድ ነው የምንቆጥረው?" ልጁ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። እውነተኛው ችግራቸው ያ ነበር መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ስለ ኃይሉና ሀይሉ በማውራት አለቀ። የቀን መቀየሪያውን ከፍቶ አይቶት ነበር። "ለ4 ሲካፈል ለምን አንድ አልቀነስሽም?" አለኝ። መልሱን ወረቀት ላይ ሠርቼው ስለነበር እዚያም ሠራሁት።

ዶከርን ጠየቀኝ። "አልሠራሁበትም" አልኩ። "እሺ" አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። እንቅልፍ ያሳጣኝ ጥያቄ ያ ነበር።

ሴትዮዋ ስለ ደመወዝ ጠየቀችኝ። "በስምምነት" የሚለው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። የምፈልገውን ቁጥር ከቤት ጽፌ ነው የሄድኩት፤ ባልጽፈው ከሱቁ ደመወዝ በታች እጠራ እንደነበር አውቃለሁ። ቁጥሩን ተናግሬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ነበር የከበደኝ።

ኅዳር 3

የቤት ሥራ ተሰጠኝ፤ የሰዎችን የክፍያ ፋይል አንብቦ ማጠቃለያ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም። ከሱቅ መልስ ማታ ማታ ሠራሁት። ገንዘቡን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር። ፋይሉ ውስጥ ሆን ተብለው የገቡ የተበላሹ መስመሮች ነበሩ፤ እነሱን ዝም ብዬ ከመዝለል በተለየ ዝርዝር አወጣኋቸው። አብሮ የላክሁት ማብራሪያ ውስጥ "ጊዜ ቢኖረኝ የምጨምረው" የሚል አጭር ክፍል አለ። ይህ ሰበብ አይደለም፤ የተውኩትን አውቄ እንደተውኩት ያሳያል።

ከሌላ ድርጅት ደግሞ "በአሁኑ ወቅት ከሌላ አመልካች ጋር ለመቀጠል ወስነናል" የሚል መልስ መጣ። ጥርጣሬ ፋይሉን ከፍቼ ይህን ልጽፍ ስል ምን እንደሚጻፍ አጣሁ። ምን እንደጎደለኝ አልነገሩኝም። የማይታይ ባግ ነው። አለፍኩት፤ ያን ቀን ማታ ግን ሌላ ነገር አልሠራሁም።

ኅዳር 10

የቦሌዎቹ ተቀበሉኝ። የጠራሁትን ቁጥር ትንሽ ዝቅ አድርገውታል፤ ተስማምቻለሁ።

ውሉ ላይ የሙከራ ጊዜ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከፍቼ አየሁ፤ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት ይላል። ይህን ክረምት ላይ ባነበው ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ሕጉ ራሱ አዲስ ሰው ሥራው ላይ ሆኖ እንደሚታይ ያውቃል። ተሟልቶ የሚመጣ ሰው ቢኖር የሙከራ ጊዜ ለምን ያስፈልጋል? እኔ ሙከራውን ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ፈታኝም ተፈታኝም ሆኜ ልጨርሰው ነበር የምፈልገው።

ፋይሉ ላይ አዲስ የገቡ አሉ። የሌላ ሰው ኮድ አንብቤ አላውቅም። ኮዴን ሰው ፊት ሲገመግሙት ምን እሆናለሁ? ዶከር፣ አሁንም። የመጀመሪያው ሰሞን የሚሠራበት ዝርዝር ሆኖ ይዤው እገባለሁ።

ሰኞ 2:30 እጀምራለሁ። እስከዚያ ድረስ የሚቀሩ፦ የሱቁን ሂሳብ ማስረከብ። ቦቱን ከእኔ ላፕቶፕ አውርዶ እድሩ ገንዘብ ያዋጣለት ትንሽ ሰርቨር (ሁልጊዜ የሚሠራ ኮምፒውተር) ላይ መጫን። የይለፍ ቃሉን ታሽጎ በፖስታ ለእትዬ መስጠት። የጋሼ የልጅ ልጅ አባል መመዝገብና ደረሰኝ ማስገባት እንዲችል አንድ ከሰዓት አብሮት መቀመጥ። የዘንድሮው ጳጉሜ ስንት ቀን እንደሆነች ቦቱ ያውቃል፤ ልጁ ግን በእጁም ቆጥሮ ያረጋግጥ።